ካንዴላ፦ ሲቋረጥ የሚበራው

እናንተዬ፣ ካንዴላ ገባኝ! እንዴት እንደሚቀየር ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ይቀይረዋል። ለምን እንደሚበራ ነው የገባኝ። ስለዚህ እዚህ ጆሃንስበርግ አጠገብ ቮስሎሩስ ያላችሁም፣ ጄፒ ሜዲካል አርትስ ሕንጻ ውስጥ ልብስ የምትሸጡትም፣ አዲስ አበባ አሮጌ ላዳ የምትነዱትም ስሙኝ። ስለ መኪና ምንም አታውቁም? ደግ፣ እኔም ከዚያው ነው የተነሳሁት።

መኪናችን ቶዮታ ታዝ ትሁን። ደርባን ፕሮስፔክተን ካለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2006 ስትወጣ የኖረች፣ ዛሬም ባሪ ማሬ መንገድ ላይ የዱቄት ጆንያና የለስላሳ ሳጥን ጭና የምትሮጥ፣ የስፓዛ ሱቅ ባለውለታ ናት። ሲቲ ጎልፍ ያላችሁም አትከፉ፣ ነገሩ አንድ ነው።

ሞተሩ ውስጥ አራት ሲሊንደሮች አሉ። እያንዳንዱ ውስጥ ፒስተን ይወጣል ይወርዳል። ሲወርድ አየርና እንደ ጉም የበነነ ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ደግሞ የሳበውን ጥቅጥቅ አድርጎ ያምቀዋል። በትክክለኛዋ ቅጽበት እሳት ካገኘ ፒስተኑን ወደ ታች ይወረውረዋል፤ መኪናዋም ትሄዳለች። እሳቱን የሚለኩሰው ካንዴላ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ በመካከላቸው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት አለ። ብልጭታዋ የምትዘለው እዚያች ክፍተት ላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ካንዴላ፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሚለኩስ፣ በሰከንድ 25 ጊዜ ይለኩሳል። አራቱ ሲደመሩ መቶ! ይህን ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ እስክትጨርሱ ስንት መቶ ጊዜ እንደበራ አስቡት።

አሁን እንቆቅልሹ ይመጣል። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ነው። አየር ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ በ12 ቮልት የፀጉር ውፍረት የምታህል ክፍተት እንኳ አትዘለልም። ያውም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አየር ታምቋል፣ ሲታመቅ ደግሞ ይባስ ይከብዳል። ያቺን ክፍተት ለመዝለል አሥር ሺህና ከዚያ በላይ፣ አንዳንዴም ሃያ ሺህ ቮልት ያስፈልጋል። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት እንኳ 230 ነው! ታዲያ ሃያ ሺው ከየት መጣ?

መካኒኮች ቦቢና ከሚሉት ነገር ነው። በአንዳንድ መኪና ለብቻው ተቀምጦ ታዩታላችሁ፣ በአንዳንዱ ሌላ ዕቃ ውስጥ ተሸሽጓል። ውስጡ ግን ቀላል ነው፦ አንድ የብረት እምብርት፣ በላዩ ጥቂት መቶ ጊዜ የተጠመጠመ ወፈር ያለ ሽቦ፣ እንደገና አሥር ሺህዎች ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ። የባትሪው ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሽቦ ሲያልፍ ብረቱ ማግኔት ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ምንም ብልጭታ የለም። እኔም ለረጅም ጊዜ ካንዴላው የሚበራው ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ይመስለኝ ነበር። የለም! የሚበራው ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ነው!

ቆይ ቆይ፣ እዚህ ጋ እንቁም፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ውሃ በኃይል እየወረደ ሳለ ቧንቧውን ባንዴ ጥርቅም አድርጋችሁ ስትዘጉት ግድግዳው ውስጥ «ዷ!» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በሩጫ ላይ የነበረ ውሃ ባንዴ ቁም ሲባል እሺ አይልም፤ ለአንድ ቅጽበት በቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ውሃው ዝም ብሎ ሲፈስ ከነበረው እጅግ ይበልጣል። ቀስ ብላችሁ ብትዘጉት ግን ድምፅም የለ። ቦቢናም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪኩ ባንዴ ሲቋረጥ ማግኔቱ በቅጽበት ይፈርሳል፤ ባፈራረሱ ፍጥነት ልክ ወፍራሙ ሽቦ ላይ 12 የነበረው ቮልት ወደ መቶዎች ይዘላል፤ ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ ከወፍራሙ መቶ እጥፍ ያህል ስለተጠመጠመ ያንኑ መቶ እጥፍ ያደርገዋል። መቶዎች ሲባዛ በመቶ፣ አሥር ሺህዎች! ወይ ጉድ! ሎድ ሼዲንግ ያንገሸገሸን ሰዎች መብራት ሲቋረጥ የምናውቀው ጨለማና የሚቀልጥ አይስክሬም ነው። እዚህ ግን ማቋረጡ ነው ብርሃኑ።

የማግኔት መለዋወጥ ኤሌክትሪክ እንደሚወልድ ማይክል ፋራዳይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው፣ መኪና ሳይታሰብ። በ1902 ደግሞ ቦሽ ቤት ይሠራ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አጣምሮ ሠራ። የዛሬዋ ታዝ የዚያ የልጅ ልጅ ናት።

ሃያ ሺው ቮልት ወደ ዲስትሪቢውተር ይሄዳል፤ እሱም ተራ ጠብቆ ለአራቱ ካንዴላዎች በገመድ ያከፋፍላል። ተራው ግን 1፣ 2፣ 3፣ 4 አይደለም፤ በታዝም፣ በሲቲ ጎልፍም፣ በላዳም 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ይህን ካወቃችሁ የሥራው ትልቁ ደንብ ራሱ ይገለጥላችኋል፦ ገመዶቹን በአንድ ጊዜ አትንቀሉ! አንዱን ንቀሉ፣ ካንዴላውን ቀይሩ፣ ገመዱን መልሱ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ገመድ ከተምታታ እሳቱ ለተሳሳተው ሲሊንደር ይደርሳል፣ መኪናዋም ትንቀጠቀጣለች ወይም ጨርሶ አትነሳም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ይህ ለእጃችሁ ብቻ አይደለም፤ ካንዴላው የሚታሰርበት ክፍል ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ሲፈታ ጥርሱ ይበላሻል። ቁልፉን ከመኪናዋ አውጡ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። ገመዱን ከጎማ ቆቡ ያዙና ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያዞራችሁ ሳቡት፤ ሽቦውን ራሱን አትጎትቱ። ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በአየር ንፉት። ነሐሴ ላይ የእኛን ሎኬሽን ነፋስ የምታውቁ ለምን እንደምል ይገባችኋል፤ ያ ሁሉ አቧራ ካንዴላው ሥር ተጠራቅሞ ይጠብቃል፣ ቀዳዳው ሲከፈት ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውስጡ ጎማ ያለውን የካንዴላ ቁልፍ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡና ፍቱ። ቁልፉ ካጋደለ ነጩ ሴራሚክ ይሰነጠቃል፤ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ እንኳ ብልጭታዋን ትሰርቃለች።

አሮጌውን ካንዴላ ወርውራችሁ እንዳትጥሉት! ጫፉን ተመልከቱ። ግራጫ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው። ዘይት ከነካው ዘይት ወደማይገባበት እየገባ ነው። ነጭ ሆኖ ከቀለጠ ወይም ካበጠ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ ቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው። የመጨረሻው እኛን በተለይ ይመለከተናል። ታዝ የተሠራችው ደርባን፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ ጆሃንስበርግ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ አየሩም የሳሳ። አየርና ቤንዚን የሚያቀላቅለው የቆየ ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ የሚከተለው ፍሰቱን ነው እንጂ ክብደቱን አይደለም። ስለዚህ ለከፍታ ካልተስተካከለ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያማ ይብሳል። በአንጻሩ ለብልጭታዋ የሳሳ አየር መዝለል ይቀላታል። ደስ አይልም?

አሮጌውን ከአዲሱ አጠገብ ያዙት። የአዲሱ ጫፍ ጠርዙ ስል ነው፣ የአሮጌው ተዶልድሟል። ብልጭታ ከስል ጠርዝ መዝለል ትወዳለች፤ በዘለለች ቁጥር ደግሞ ከብረቱ ቅንጣት ታክል ትበላለች። ክፍተቱ ይሰፋል፣ የሚያስፈልገው ቮልት ይጨምራል፣ ቦቢናው ይደክማል፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ መኪናዋ «ትርክክ» ትላለች። ለዚህ ነው ተራው የኒኬል ካንዴላ ከ20,000 እስከ 30,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ የሚቀየረው።

ስትገዙ የመኪናዋ መጽሐፍ ያዘዘውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ካንዴላው ሙቀት ምን ያህል ቶሎ እንደሚያስወግድ ይናገራል። በጣም ከቀዘቀዘ ጥላሸቱን ማቃጠል ያቅተዋል፣ በጣም ከጋለ ራሱ ፍም ሆኖ ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ያነድደዋል። የሚያስቀው ነገር፣ በኤንጂኬ ካንዴላ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቀዝቃዛ ማለት ነው፤ በቦሽ ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል ሞቃት ማለት ነው! ይህን ማን እንዳሰበው እንጃ። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዞሩ ቁጥሩን በግምት አታመሳስሉ። ክፍተቱንም መጽሐፉ ካዘዘው ጋር በመለኪያ አስተያዩት፤ አዲስ ነው ብላችሁ አትመኑ።

ማስገባቱ ላይ ቁልፍ አትንኩ። የካንዴላውን ጭራ ትንሽ የጎማ ቱቦ ውስጥ ሰክታችሁ ቱቦውን በጣታችሁ አዙሩት። ጥርሱ በትክክል ከያዘ እየዞረ ይወርዳል፤ ከተጣመመ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ብረቱን አያስገድደውም። እጅ እምቢ ሲል ብቻ ቁልፉን አምጡ። ሮንዴላ ያለው አዲስ ካንዴላ ከዚያ በኋላ ግማሽ ዙር ወይም ጥቂት አለፍ ቢል ይበቃዋል፤ ሮንዴላ የሌለው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ጉልበታችሁን ለጆንያው አስቀምጡት። ገመዱን «ጠቅ» እስኪል ግፉ። ወደ ሁለተኛው እለፉ።

አራቱም ሲያልቁ አስነሷትና ነዳጅ ሳትረግጡ ሚኒሞ ላይ አድምጡ። ከተንቀጠቀጠች አጥፏትና «ጠቅ» ያላለው የትኛው እንደሆነ ፈልጉ፤ ሞተሩ እየሠራ ግን ገመዶቹን እንዳትነኩ፣ ሃያ ሺውን አትርሱ። የካንዴላ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እሁድ ከሰዓት ሱቅ ስትዘጉ ብቅ በሉ፣ የየራሳችሁን መኪና መጽሐፍ ግን ይዛችሁ ኑ።