ሸማኔው ምን ያስተምረናል?

ጉለሌ ውስጥ በሽሮ ሜዳ አካባቢ ብዙ ሸማኔዎች አሉ፤ አብዛኞቹም ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል። ሸማው የሚረዝመው በአንድ አንድ ማግ ነው።

ዛሬ በበዓል ቀን የምንኮራበትን ልብስ የሚሰጠን ይህ ሙያ ብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። በዚያ አዋጅ ከተሰዳቢዎቹ ተራ የተቈጠሩት ብረት ሠሪውና ሸማኔው ብቻ አይደሉም፤ ጸሐፊውም አለበት፤ የሚጽፍ ሰው ጠንቋይ ይባል ነበርና። በብዕሩ የሚያድር ወጣት ይህን አይርሳ።

ሸማኔው ግን ስድቡ እስኪቀር ብሎ ሥራውን አላቆየም። ራሱን የለካው በሰው አፍ ሳይሆን በሠራው ሸማ ነው።

የእኛም ኑሮ ድርና ማግ አለው። ድሩ የያዝነው እምነት ነው፤ እውነት መናገር፣ የድኻን ጉዳይ አለማጓተት፣ ቃልን መጠበቅ። ማጉ የዕለት ሥራችን ነው። ድሩ የሳሳ ሸማ ጥለቱ ቢያምር አይበረክትም፤ ማግ ያልገባበት ድርም ልብስ አይባልም።

«ትልቅ ሰው እሆናለሁ» ማለት ለማንም አይከብድም። ተማሪው ዛሬ ማታ ስንት ገጽ እንደሚያነብ፣ የመሥሪያ ቤቱ ወጣት የትኛውን ባለጉዳይ ሳይሸኝ ከወንበሩ እንደማይነሣ ጧት ይወስን። ማታም ማንም ሳይጠይቀው ራሱን ይጠይቅ። አለቃ ባያመሰግን፣ ጓደኛ ቢያሾፍ፣ የዕለቱ ክንድ ተሠርቶ ከሆነ ቀኑ አልባከነም።