ክረምቱ ሲወጣ ጓሮው ሥራ ይጀምራል

መስቀል ካለፈ በኋላ በብዙዎቻችን ግቢ የሚታየው ነገር አንድ ዓይነት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የበቀለው ጐመን ቅጠሉ ይጠነክራል፤ የዱባው ሐረግ ይደርቃል፤ ጭቃውም ወደ ጓል ይለወጣል። ባለቤቱ በደጃፉ ቆሞ ያይና «እንግዲህ እስከሚመጣው ክረምት ድረስ» ብሎ ፊቱን ያዞራል። አንባቢ ሆይ፥ እርስዎም እንዲህ የሚያደርጉ ከሆነ ከዓመቱ መልካም የሆነውን የጓሮ ጊዜ በከንቱ እያሳለፉት ነው።

ይህን የምጽፍልዎ የእርሻ ሊቅ ሆኜ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር፥ በአዲስ አበባ ከተከራየሁት ክፍል በስተጀርባ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ መሬት ያገኘሁ ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት የተመራሁት በአንድ የእንግሊዝ አገር የአትክልት መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ ብርዱ ሲቃረብ ጓሮውን አጽድቶ ማሳረፍ እንደሚገባ ያስተምራል። እኔም ቃሉን አክብሬ ከኅዳር እስከ የካቲት መሬቴን ባዶውን አስቀመጥሁት። ጎረቤቴ የሆኑት እናት ግን በዚያው ወራት በየሳምንቱ ቆስጣና ሰላጣ ይቀጥፉ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንድ እቅፍ ሰላጣ አቀበሉኝና «ልጄ፥ መሬቱ ምን በድሎህ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስሕተቱ የመጽሐፉ ሳይሆን የእኔ ነበር። በትምህርት ቤት የፈረንጆቹን የብርድ ወራት «ክረምት» ብለን ተርጕመን እናልፋለን። የእኛ ክረምት ግን በቀድሞው አቈጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ጊዜ ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ይሆናል፤ ቀጥሎም በጋ ይገባል። በለንደን በታኅሣሥ አጋማሽ የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት አይሞላም። በአዲስ አበባ ግን በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለ። ስለዚህ በዚያ አገር አትክልቱን የሚያስተኛው የብርሃን ማነስ እኛን አይመለከተንም። የእኛ ጓሮ በዚህ ወራት ያሉበት ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም የውኃ ማነስና የሌሊት ብርድ ናቸው። ለሁለቱም መላ አላቸው።

ምን ይዘሩ?

በጥቅምት መጀመሪያ መሬቱ የክረምቱን እርጥበት ገና አልጨረሰም። ቆስጣና ሰላጣ በዚህ ጊዜ ቢዘሩ በሁለት ወር ገደማ ለመቀጠፍ ይደርሳሉ። ጥቅምት 1 ቀን የተዘራው በኅዳር መጨረሻ፥ ማለት በገና ጾም መካከል፥ ገበታዎ ላይ ይቀርባል ማለት ነው። ቆስጣውን ከሥሩ አይንቀሉት፤ የውጭውን ቅጠል ብቻ ቢቀጥፉ ከመካከል እየጨመረ ለብዙ ጊዜ ይመግብዎታል።

ካሮትና ቀይ ሥርም ብርዱን ይችሉታል። ካሮት ግን መዛወር አይወድም፤ በመደቡ ላይ በቀጥታ ይዘሩትና ሲበቅል በሦስት ጣት ርቀት ያሳሱት። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለሠራተኛ ሰው የተሰጠ ተክል ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ ብዙ አያስቸግርምና። ከወጥ ቤት ጤነኛውንና ወፍራሙን ፍንካች መርጠው ሹሉን ወደ ላይ አድርገው አንድ ጣት ያህል ጥልቀት ይቅበሩት። በጥቅምት የተተከለው ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል።

መሬት የለኝም የሚሉ የኮንዶሚኒየም ነዋሪም ቢሆኑ ተስፋ አይቍረጡ። አንገቱ የተቈረጠ ጀሪካን፥ ከሥሩ ውኃ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ከተበሳለት፥ በረንዳ ላይ ሰላጣና በሶብላ ለማሳደግ ይበቃል።

ውኃው እንዳያልቅ

ብዙ ሰው በቀትር ፀሐይ በቧንቧ ይረጭና የላዩን ዐፈር አርጥቦ ይሄዳል። ይህ ውኃ ሥሩ ሳይደርስ ይተናል። ማለዳ፥ ጥቂት ጊዜ ግን በርከት አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። እኔ ለጠነከረ ተክል በካሬ ሜትር በሳምንት ሁለት ጊዜ 10 10 ሊትር እሰጣለሁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የጎመንና የምስር እጣቢ ሁሉ ለጓሮው ይሁን፤ በረኪና የገባበትን ግን አያድርሱበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዝጓዝ ነው። ለቡና ቄጠማ እንደምንጎዘጕዝ፥ ለተክሉም ሥር ደረቅ ሣር አራት ጣት ያህል ወፍራም አድርገው ይጎዝጕዙለት። ፀሐይ ዐፈሩን በቀጥታ ስለማታገኘው እርጥበቱ ይቈያል፤ በተለይም በበጋ የሚሰነጠቀው ጥቁር መረሬ መሬት ይህን እጅግ ይፈልገዋል። ከበዓል የተረፈውን ቄጠማ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይላኩት፤ ጓሮዎ ይቀበለዋል። ሣሩ ግን ግንዱን እንዳይነካ ዙሪያውን ክፍት ይተዉለት።

ውርጭ እንዴት ይመጣል?

ሰው ለራሱ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል፤ ለተክሉ ግን የሚያስብለት የለም። በሁለተኛው ዓመት ጓሮዬን አላሳረፍሁትም፤ በግቢው ዝቅተኛ ቦታ ዐሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ተከልሁ። በኅዳር አንድ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱም ጸጥ ብሎ አደረ። ጧት ስወጣ ሁሉም የፈላ ውኃ የፈሰሰባቸው መስለው ጠቍረዋል። ያን ዕለት ክፍል ገብቼ ስለ ሙቀት ጨረር ሳስተምር ያፈርሁት ለዚህ ነው፤ የማስተምረውን በጓሮዬ አላወቅሁትምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን መሬቱ የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ይመልሰዋል፤ ሰማዩ ከጠራ ግን ሙቀቱ ይሄዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ ቲማቲምና ቃሪያን በረባዳ ቦታ አይትከሉ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ያድርጉአቸው፤ ግድግዳው ሙቀት ያስቀምጣልና። በጠራ ሰማይ ማታ ችግኙን በጆንያ ይሸፍኑ፤ ጧት ይግለጡት። እርጥብ ዐፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ስለሚይዝ በዋዜማው ቀን ማጠጣትም ይጠቅማል።

ቅጠሉን አያቃጥሉ

በኅዳር 12 ቀን ከተማችን በጢስ ተሞልታ ታድራለች። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰውን የኅዳር በሽታ የሚያስታውስ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ግቢን ማጽዳትም መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ክምር ደረቅ ቅጠል ሲቃጠል ተክል የሚያስፈልገው ናይትሮጂን አብዛኛው ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ የሚቀረው ጥቂት ዐመድ ነው። ፕላስቲክ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ደግሞ ጢሱ ራሱ በሽታ ነው።

ስለዚህ ዕጣኑን ያጢሱ፤ ቅጠሉን ግን በግቢው ጥግ ይከምሩት። አንድ ድርብ ደረቅ ቅጠል፥ አንድ ድርብ የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ፥ በላዩ ጥቂት ዐፈር፤ እንዲህ እያፈራረቁ ይሂዱ። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደ ወጣ ጨርቅ ይሁን፤ በየሁለት ሳምንቱ ያገላብጡት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ሌላውን ተክል ስለሚጐዳ አይጨምሩበት። ከአራት ወር በኋላ፥ በመጋቢት ገደማ፥ ጥቁርና የዝናብ ሽታ ያለው ብስባሽ ያገኛሉ።

ከጓሮዬ የማገኘው ደመወዜን አያህልም፤ ወሩ ሲጋመስ ግን የገበያ ወጪዬን ያቀልልኛል። ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ አንድ እቅፍ ቆስጣ ቀጥፌ በአጥሩ ላይ ለእኒያ እናት አቀበልኋቸው። ተቀብለው ቅጠሉን እያገላበጡ ካዩ በኋላ «አሁን መሬቱና አንተ ታረቃችሁ» አሉኝ። እርስዎም ከመሬትዎ ጋር ተኳርፈው እንደ ሆነ በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶማ ይያዙና ይታረቁ፤ አንድ ካሬ ሜትር ለመጀመሪያ ይበቃል።