ክረምቱና የሳሎናችን ቴሌቪዥን

በመቀሌ ክረምቱ አጭር ነው። ዝናቡ በሰኔ መጨረሻ ይጀምርና አሸንዳ ካለፈ በኋላ መሳሳት ይጀምራል። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጆች ቤት ይውላሉ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ሁሉም ወደ ሳሎን ይሰበሰባል፤ በሳሎን ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው ውድ አንባቢያን ታውቁታላችሁ።

በቅርቡ በባለትዳሮች ኅብረታችን ያሉ እህቶች አንድ ሥራ ሰጡኝ። ‹‹አንቺ ማየት ትወጃለሽ፤ እስቲ በዚህ ክረምት እኛና ልጆቻችን የምናየውን ሁሉ አስቀድመሽ እዪና ንገሪን›› አሉኝ። እየሳቁ ነበር የተናገሩት። እኔ ግን ደብተር ገዛሁ።

ደብተሩን የገዛሁበትን ምክንያት ለመናገር ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የአባባ ተስፋዬን ‹‹የልጆች ጊዜ›› ለማየት ጫማችንን በር ላይ አውልቀን የጎረቤት ወለል ላይ እንቀመጥ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ቴሌቪዥን ለረጅም ዘመን አንድ ጣቢያ ብቻ ነበረው፤ ማታ ሰዓቱ ሲደርስም ሥርጭቱ ራሱ ይዘጋል። ከዚያ ‹‹ገመና›› መጣ፣ ‹‹ሰው ለሰው›› መጣ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ተከፈተና የቱርክ ሰዎች በአማርኛ ይነጋገሩ ጀመር። በእኛ ቤት የሚነገረው ትግርኛ ነው፤ የመጨረሻዋ ልጄ አማርኛ ያወቀችው ከትምህርት ቤት ይልቅ ከቃና ነው ብል አላጋነንኩም። ሲከፋት እንደ ቱርክ ሙሽራ ነው የምትናገረው።

ከዚያ ጦርነቱ ሆነ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ መብራቱ፣ ስልኩና ባንኩ ሲቋረጥ ቴሌቪዥናችን አቧራ የሚጠረግለት የቤት ዕቃ ሆነ። ስለዚያ ዘመን መልካም ነገር መናገር ይከብደኛል፤ በረሃብ የቀበርናቸው ሰዎች አሉና። አንድ ነገር ግን እውነት ነው። ማታ ማታ ኩራዝ አብርተን ባለቤቴና እኔ እንነጋገር ነበር። ማን በላ፣ ማን ጾሙን አደረ፣ ነገ የማንን ቤት እንጎብኝ እንባባላለን። በሃያ ዓመት ትዳራችን እንዲያ ተነጋግረን አናውቅም።

ከፕሪቶሪያው ስምምነት አንድ ወር በኋላ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. መብራቱ ከዋናው መስመር ጋር ሲገናኝ ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ልጆቼ መጀመሪያ የሮጡት ወደ ሪሞቱ ነው። አልተቆጣኋቸውም፤ ሦስት ዓመት ያህል ትምህርት ቤት ያልረገጡ ልጆች ነበሩ። እኔም ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ከሁሉም በላይ የቆየሁትም እኔ ነኝ።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ ለሰማዕታት ቤተሰቦች መርዶ ሲነገር ባለቤቴ ከቤት ቤት ሲዞር ይውል ነበር። አንድ ማታ ደክሞት ገባና ቆሞ ይነግረኝ ጀመር። እኔ የማየው ክፍል ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ‹‹እህ፣ እህ›› እያልኩ ዓይኔን አልነቀልኩም። ‹‹እሺ?›› ሲለኝ ‹‹እሺ›› አልኩ። በማግስቱ ማለዳ በራችን ላይ አንዲት የጉባኤያችንን እናት አገኘኋትና እንደ ልማዴ ‹‹ከልጅሽ ወሬ አለ?›› ብዬ ጠየቅኋት። ‹‹ጌታ ያውቃል፤ ይመጣል ብዬ አምናለሁ›› አለችኝ፤ ፈገግ ብላ። ሽማግሌዎቹ ከባለቤቴ ጋር ሊያረዷት የመጡት ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። ማታ ሲነግረኝ የነበረው ይህንኑ ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ ‹‹ያን ጠዋት ታውቂ ነበር?›› ብላ ጠየቀችኝ። ‹‹አላውቅም›› አልኳት። ተነግሮኝ እንዳልሰማሁ የነገርኳት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ደብተሩ እንመለስ። ተከታታይ ድራማ አልተውም፤ ያለ ድራማ ቅዱስ የሚሆን ቤት ካለ ጌታ ይባርከው። ነገር ግን አንድ ብቻ እናያለን፤ ያንንም ከባለቤቴ ጋር አብረን። የቱርክ ድራማ ለምን እንደማያስለቅቅ ለሚገርማችሁ፣ ሥራው እንዲህ ነው፤ በአገሩ አንዱ ክፍል በሳምንት አንዴ የሚታይ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጅ ነው። ለውጭ ሲሸጥ እስከ አርባ አምስት ደቂቃ እየተቆራረጠ ብዙ ክፍል ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው በሩን ሊከፍት እጁን ሲዘረጋ ያልቃል፤ በሩ የሚከፈተው ነገ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እጁን ሲዘረጋ ማጥፋት ቀሎኛል። ደግሞም በእነዚያ ድራማዎች ባልና ሚስት ነገራቸውን ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ብዙም አላየሁም፤ ሁሉም ከበር ጀርባ ነው የሚሰማው። አንዱን ቀን ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ታሪኩ በሦስተኛው ክፍል ባለቀ ነበር።

የልጆቹን ፕሮግራም አስቀድሜ ለብቻዬ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። የካርቱን እንስሳት ስለሚናገሩ ብቻ ምንም አይደለም ብለን የምናልፈውን ማለቴ ነው።

የእኛን የመንፈሳዊ ጣቢያዎችም በዚያው ደብተር እመዝናለሁ። ይህን ስል የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ልብ የሚያሳርፍ ስብከት የሰማሁባቸው አሉ፤ መዝሙራቸውም ቤቴን ሞልቶታል። ነገር ግን ከሰባኪው ደረት በታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲሮጥ፣ ዘር ካልዘራችሁ በረከት አይወርድም ሲባል፣ ደመወዟ ለወራት ሳይከፈል የቆየባት መምህርት እኅቴ ያንን እያየች እንደሆነ አስባለሁ። በፊልጵስዩስ 4፥8 ሐዋርያው እንድናስበው የሚመክረን እውነት የሆነውን ነው፤ ‹‹ሃሌ ሉያ›› ስለተባለበት ብቻ ከሚዛኑ አያመልጥም።

በዕቅዴ ውስጥ በጣም የምጓጓለት ግን አሮጌ ነገር ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ዩጂን ከተማ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የትግራይ ልጆች ሦስት ወርቅ አምጥተዋል። ሐምሌ 9 ለተሰንበት ግደይ በ10 ሺህ ሜትር፣ ሐምሌ 11 ጎይተቶም ገብረሥላሴ በማራቶን፣ ሐምሌ 16 ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ሜትር። ለተሰንበት ሔለን ኦቢሪን የቀደመቻት ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። እኛ በዚያ ክረምት መቀሌ ሆነን አላየንም፤ ወሬው እንኳ በሰው በሰው ነው የደረሰን። ሴቶች ልጆቼ ያኔ ትንንሾች ነበሩ።

ጎረቤት ያለ ወጣት ሦስቱንም በፍላሽ ጭኖ አምጥቶልኛል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናያቸዋለን፤ ቡና አፈላለሁ። ያችንም እናት ጠርቻታለሁ። እመጣለሁ አላለችም፣ አልመጣምም አላለች። ‹‹ልጄም ሩጫ ይወድ ነበር›› ብቻ አለችኝ።