በአንድ ፓኔል ውስጥ ሦስት ምንጮች

መቐለ ከአገሪቱ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ተለይታ ቆይታ ዳግም የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኢንቨርተር ያለው በእሱ ቆየ። ስለዚህ በሓድነት ክፍለ ከተማ ያለ የአንድ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ፓኔል የመስመሩን፣ የጄኔሬተሩንና የኢንቨርተሩን ኬብሎች ከቀጫጭን የመቆጣጠሪያ ሽቦዎች ጋር አጠጋግቶ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ባለው ፓኔል መቆጣጠሪያው አልፎ አልፎ ከኢንቨርተሩ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጥበታል። የመቆጣጠሪያው ቦርድ ይቀየራል፤ ችግሩ ግን ይመለሳል።

መነሻው ፍጥነት ነው። የመስመር ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ብቻ ይመላለሳል። በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ግን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ እያንዳንዱ ለውጥ ከአንድ ማይክሮ ሰከንድ (ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ይህን የከረንት ለውጥ ማንኛውም ሽቦ ይቃወማል፤ የተቃውሞው መጠን ኢንዳክታንስ ይባላል። የ1 ሜትር ሽቦ ኢንዳክታንስ ወደ 1 ማይክሮ ሄንሪ ይጠጋል። በዚህ ሽቦ ላይ 10 አምፔር በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ቢለወጥ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 10 ቮልት ይፈጠራል። ያው 10 አምፔር በ50 ኸርዝ ሲያልፍ የሚፈጥረው የአንድ ቮልት ትንሽ ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ በመለኪያ ሲፈተሽ እንከን የሌለበት የመሬት ሽቦ ሰውን ከአደጋ እየጠበቀም የኤሌክትሪክ ረብሻን ላያስወግድ ይችላል።

መቆጣጠሪያውን ከኢንቨርተሩ ጋር የሚያገናኘው፣ አርኤስ-485 የሚባለው የመረጃ መስመር የሚያነበው የሁለት ሽቦዎችን ልዩነት ነው፤ 0.2 ቮልት ይበቃዋል። ሁለቱም አብረው ከመሬቱ አንጻር ቢንሸራተቱ የሚችለው ግን ከ-7 እስከ +12 ቮልት ነው። ከላይ በተሰላው ፍጥነት የ2 ሜትር የመሬት ሽቦ 20 ቮልት ያመጣል፤ መስመሩም ከአቅሙ ያልፋል።

መፍትሔው ከዚሁ ስሌት ይወጣል። የመሬት ማያያዣው አጭርና ሰፊ ይሁን፤ ከብሎኑ ሥር ያለው ቀለም ይፋቅ። የመረጃው ኬብል ከኃይሉ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ መሻገር ካለበት በቀጤ ማዕዘን ይሻገር። የኬብሉ የብረት ሽፋን ዙሪያውን በማቀፊያ ይታሰር፤ ጫፉን በረጅም ሽቦ አጠማዝዞ ማሰር ያንኑ ኢንዳክታንስ መልሶ ያስገባል። የኮንታክተሩ (በማግኔት የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) ጥቅል ሲጠፋ የሚተፋውን ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በቀጥታ ከረንት ለሚሠራው ዳዮድ፣ በተለዋዋጭ ለሚሠራው የሬዚስተርና የካፓሲተር ጥምር እዚያው ምንጩ ላይ ይውጠዋል።

ረብሻው እንዲጠፋ ብሎ የመሬቱን ሽቦ መፍታት ግን ፈጽሞ አይገባም። መረጃው ሊስተካከል ይችል ይሆናል፤ የተላጠ ኬብል የፓኔሉን ብረት በነካ ቀን ግን 220 ቮልት በሩን በሚከፍተው ሰው እጅ ላይ ነው።