ከሰኔ 30 በኋላ

ሐምሌ ሲገባ ቢቸና ላይ ኳስ የሚያጫውት ሜዳ አይገኝም። የእነማይ ጥቁር አፈር ዝናብ ከጠገበ ወዲህ ሩጫ ቀርቶ እርምጃም ያስቸግራል፤ እግር ይወጣል፣ ጫማው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ወደ ሞጣ ቢኬድም ነገሩ ያው ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ገበሬው ጤፉን ሊዘራ መሬቱን እየደጋገመ ያርሳል፣ ሜዳውን ከብት ይዞታል። የአገሪቱ የእግር ኳስ ትልቁ ሥራ የሚሠራው ግን በዚሁ ወቅት ነው። ዋንጫ የሚነሣው በበጋው ማብቂያ ቢሆንም፣ ዋንጫ የሚያነሣው ቡድን የሚበጀው በሐምሌና በነሐሴ፣ በክለብ ጽሕፈት ቤትና በስልክ ነው። የስፖርት ጋዜጠኞች «የክረምቱ የዝውውር መስኮት» ይሉታል። ሻይ ቤት የተቀመጠው ደጋፊ ደግሞ ባጭሩ «ማን ፈረመ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ወቅት ለመረዳት ከኳሱ ይልቅ ከበጀት ዓመቱ መጀመር ይሻላል። የመንግሥት ሒሳብ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የከተማ አስተዳደር፣ የመንግሥት ባንክ ወይም የመንግሥት ድርጅት ንብረት ናቸው፤ ደመወዙም የሚወጣው ከዚያው ካዝና ነው። ስለዚህ የተጫዋቹ ውል ከበጀቱ ጋር ተያይዞ ሰኔ 30 ያልቃል። ውሉም ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት፣ ሲበዛ የሁለት ዓመት ነው። በዚያች ቀን ማታ ትናንት አብረው ከተሰለፉት ልጆች ብዙዎቹ ክለብ የሌላቸው ሰዎች ይሆናሉ። ክለቡም ማልያና ስም ብቻ የያዘ ያህል ሆኖ ያድራል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሥርዓት አለው፤ በየዓመቱ ይደጋገማል። መጀመሪያ የሚነሣው የአሠልጣኙ ጉዳይ ነው፤ እሱም ውሉ አብሮ አልቋልና። ይቀጥላል ወይስ ይሰናበታል? ይህ ሳይቆረጥ ተጫዋች ማስፈረም ከንቱ ድካም ነው፤ አዲሱ አሠልጣኝ የራሱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ዝርዝሩ ላይ ካለፈው ክለቡ የሚያውቃቸው ልጆች አይጠፉበትም። ቀጥሎ ነባሮቹን ማነጋገር ነው፦ ውል የሚራዘምለት፣ የሚሰናበት፣ «እናስብበት» የሚባል። ይህ ሦስተኛው ወገን ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሐምሌን በተስፋ ይገፋና ነሐሴ ላይ ሌላው ክለብ ቦታውን ሞልቶ ይቆየዋል። ውል እያለው መልቀቅ የሚፈልግ ደግሞ መልቀቂያ ያስፈልገዋል። ወጣቱ በውሰት ወደ ታችኛው ሊግ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማው በጀት ካልጸደቀ ክለቡ ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቃል፤ በጀቱ ሲደርስ ገበያው ላይ የቀረው ምርጥ ሳይሆን ትርፍ ነው።

የክረምቱን ኃይል ለማሳየት አንድ ሰው ይበቃል፤ አሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን ይዞ ሻምፒዮን ሆነ። ጅማ በዚያ ዓመት ገና ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገ ቡድን ነበር። ክረምቱ መጣ፤ አሠልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ፣ በጎል አግቢነት ቡድኑን የተሸከመው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ወደ ግብጹ ኢስማኤሊ አቀና። በ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮኑ መቐለ ሆነ። ዋንጫው አሠልጣኙን ተከትሎ ነው የሄደው ቢባል ማጋነን አይደለም። ጅማ በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። ያው ሰው በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድንን ሻምፒዮን አደረገ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ። ሌላም ምስክር አለ፦ ንግድ ባንክ በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በላ። ትናንት ታች የነበረ ቡድን ዛሬ ላይ ሆኖ ዋንጫ የሚያነሣበት ሊግ አስደሳች ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ለምን እንዲህ እንደሚቀል መጠየቅ አለበት። የሚቀለው ከፊቱ የሚቆሙት ቡድኖች በየዓመቱ እንደ አዲስ ስለሚጀምሩ ነው። ለአምስት ዓመት አብሮ የተጫወተ የመሐል ክፍል ለመስበር አንድ ክረምት አይበቃም ነበር።

በአማራ ክልል ይህን ታሪክ ሁለት ክለቦች በየፊናቸው ያውቁታል። ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ፣ በ2013 ዓ.ም. በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት ሻምፒዮን ሆነ። ዐፄዎቹ ከዋንጫው በኋላ ከሰሙት ወሬ አንዱ የአጥቂያቸው የሙጂብ ቃሲም ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ መሄድ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ እንጂ። ባሕር ዳር ከተማ ያደገው በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የጣና ሞገዶቹ በ2013 ክረምት አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱን፣ በ2014 ክረምት ደግአረገ ይግዛውን ይዘው ጀመሩ፤ በደግአረገ የመጀመሪያ ዓመት ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ክልሉ አስቸኳይ ጊዜ ታውጆበት፣ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ይኸው ቡድን የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጥሎ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ወደ ሁለተኛው ዙር አለፈ። ለክለቡ በአህጉር መድረክ የመጀመሪያው ክረምት ነበር፤ ዝግጅቱን ሌሎች ገና ተጫዋች ሲያስፈርሙ መጀመር ግድ ብሎታል።

ክረምት ላይ ቡድን ማፍረስና መሥራት የኛ ብቻ አይደለም። ወደ አሜሪካ ብንሻገር፣ በዱላ የሚመታው ኳስ፣ ቤዝቦል፣ ከኛም የባሰ የክረምት ወሬ አለው። እዚያ ውድድሩ በጥቅምት ወር ግድም ያልቃል፤ ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ በረዶ ስለሆነ ኳስ የለም፣ ገበያ ብቻ። 30 ክለቦች አሉ። በየካቲት ኳስ ወርዋሪዎችና ቀላቢዎች ከሌሎቹ ቀድመው ወደ ሞቃት አገር ለልምምድ ይጠራሉ፤ 15ቱ ክለቦች ፍሎሪዳ፣ 15ቱ አሪዞና ይሰፍራሉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ፣ ማን በማን እንደተለወጠ መቁጠር ለደጋፊው የክረምት ሥራው ነው።

ልዩነቱ ግን ከመመሳሰሉ ይበልጣል። እዚያ ክለብ ተጫዋቹን ሳይጠይቅ በሌላ ተጫዋች ይለውጠዋል፤ ልጁ አገር መቀየሩን የሚሰማው በስልክ ነው። ነፃ ሆኖ ከፈለገው ጋር ለመደራደር በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት ማገልገል አለበት። ድሮ ይህም አልነበረም። ከርት ፍለድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1969 ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላዴልፊያ ተለወጥክ ሲባል አልሄድም ብሎ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። እሱ ተረታ እንጂ ጉዳዩ አልሞተም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በግልግል ዳኝነት ሌሎች ተጫዋቾች ያንን ነፃነት አገኙት። ዛሬ ያንን መንገድ የጨረሰ ተጫዋች የሚያገኘው ገንዘብ ለመናገርም ያስፈራል፦ ጃፓናዊው ሾሄ ኦታኒ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ለአሥር ዓመት በ700 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የቴሌቪዥን መብቱን በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለጀመረ የአምስት ዓመት ጊዜ ለቴሌቪዥን ኩባንያው መልቲቾይስ የሸጠው በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የአንድ ሰው ውል የሊጋችንን የአምስት ዓመት ሽያጭ ከ30 ጊዜ በላይ ያጥፈዋል።

እንግዲህ አሜሪካኖቹ ተጫዋቹን አስረው ያዙት፤ እኛ በየሰኔው እንፈታዋለን። የኛው ተጫዋች ከኦታኒ የበለጠ ነፃ ነው፤ ነፃነቱ ግን ዋስትና የለውም። ጉልበቱ ሚያዝያ ላይ ቢጎዳ ሰኔ 30 ሲደርስ የሚያክመው ቀርቶ የሚደውልለት ክለብ ላይኖር ይችላል። ክለቡም በበኩሉ ነገ የሌላ የሚሆነውን ልጅ ለምን ያስተምረዋል? በጎጃም መሬት በኮንትራት የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ የዓመት መሬት ላይ እርከን የሚሠራ፣ ፍግ የሚበትን ገበሬ አይገኝም፤ የዘራውን አጭዶ ይወጣል።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ከተማው ለውኃና ለመንገድ የሚፈልገው ነው። ግን የተገደበው የደመወዙ ቁመት እንጂ የውሉ ዕድሜ አልነበረም። ጣሪያው እንደተሠራ የቀረው በሌላ በር ይከፈላል የሚለው ሐሜት ተከተለ፤ በኋላም ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ከአንድ ሰው ደመወዝ ይልቅ የክለቡን ጠቅላላ ወጪ ወደ መገደብ ዞረ። ይሻላል። ሆኖም የሦስት ዓመት ውል የሚፈርምን ክለብ የሚሸልም፣ በየዓመቱ ቡድኑን የሚያፈርሰውን የሚቀጣ መመሪያ ቢጨመርበት እመርጥ ነበር።

ወደ ቢቸናና ሞጣ እንመለስ። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናን፣ ደብረ ወርቅን፣ ሞጣን አልፎ በአዴት በኩል ባሕር ዳር የሚገባው። እግር ኳስ ግን ፊታቸውን ለየቅል አዙሮታል። የሞጣ ልጅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ዳርን ያያል። የቢቸና ልጅ ወደ ዞኑ ከተማ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ያማትራል። መሰላሉ ለሁለቱም አንድ ነው፦ የትምህርት ቤት ውድድር፣ የታዳጊ ፕሮጀክት፣ የወረዳና የዞን ውድድር፣ ክልሉ፣ ከዚያ አንደኛ ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ ከሁሉ በላይ ፕሪሚየር ሊግ።

ክረምቱ ለዚህ ልጅ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ሙከራ። ክለቦች ነባሮቹን ጨርሰው ክፍተታቸውን ካወቁ በኋላ ለጥቂት ቀን ልጆችን ያያሉ። ልጁ የትራንስፖርቱን ራሱ ከፍሎ፣ ዘመድ ቤት አርፎ፣ ጫማ ተውሶ ይቀርባል። ቤተሰብ ግራ ይገባዋል። «ልጄ፣ ሐምሌ ላይ ሞፈር ጥሎ የሚኬድበት ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ይላል አባት። «አባባ፣ ጊዜው አሁን ነው፤ መስከረም ላይ ዝርዝሩ ይዘጋል» ይላል ልጅ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ችግሩ አሠልጣኙም የዓመት ሰው መሆኑ ነው፤ እሱ የሚሰናበተው ዘንድሮ በሚያስመዘግበው ውጤት ስለሆነ የሞጣውን የ18 ዓመት ልጅ ለሦስት ዓመት ከሚያበስል ሦስት ክለብ የዞረውን የ29 ዓመት ተከላካይ ያስፈርማል። አይፈረድበትም።

የቤዝቦል ሰዎች ለዚህ አንድ ብልሃት አላቸው። አንድ ክለብ 40 ተጫዋች በዋና ዝርዝሩ መጠበቅ ይችላል። የተወሰነ ዓመት በታችኛው ቡድን ቆይቶ ከ40ው ውስጥ ያልገባ ልጅ ካለ፣ በታኅሣሥ ሌላ ክለብ በ100 ሺሕ ዶላር ሊወስደው ይችላል፤ ነገር ግን የወሰደው ክለብ ዓመቱን ሙሉ ከ26ቱ ተሰላፊዎች መሐል ሊያቆየው ግድ ነው፣ አለበለዚያ ለቀድሞው ክለብ መልሶ ሊያቀርበው ይገባል። ልጅ አከማችቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ወስዶ መጣልም አይቻልም። ከፍሎሪዳው ሣርና ከዶላሩ ይልቅ ይህች ደንብ ነች የምታስቀናኝ።

ነሐሴ ሲጋመስ የፈረሙት ተሰብስበው ወደ ቅድመ ውድድር ዝግጅት ይገባሉ። ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ፣ አዳማ ይመረጣሉ፤ ሜዳና ሆቴል ስላላቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ሩጫ ነው፣ ኳስ ብዙም አይታይም። አሠልጣኙ በአብዛኛው ስም የሚያጠናበት ሳምንት ነው፤ የግራ ተመላላሹ የቀኙን አያውቀውም። የወዳጅነት ግጥሚያ ይከተላል፣ ለአንዳንዱም፣ በሚዘጋጅበት ዓመት፣ የአዲስ አበባ ሲቲ ካፕ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ስለሚያጫውት፣ ይህ ካምፕ ለተጫዋቹ የዓመት የሆቴል ኑሮ መግቢያ ነው። ባሕር ዳር ከተማ የባሕር ዳርን ሰው የሚያገኘው ሊጉ ወደ ከተማው ከመጣ ብቻ ነው፤ የሞጣ ደጋፊ አዲሶቹን ፈራሚዎች በመጀመሪያ የሚያያቸው በቴሌቪዥን ነው፤ ያውም ከእንግሊዝ ጨዋታ ጋር ሰዓቱ ካልተጋጨ።

መስኮቱ ሲዘጋ ሁሉም ነገር አላበቃም። በውድድሩ አጋማሽ አጭር ሁለተኛ መስኮት ይከፈታል። ያኔ የሚንቀሳቀሱት በአብዛኛው በክረምቱ የተሳሳቱ ናቸው፦ ሦስት ግብ ጠባቂ አስፈርሞ አጥቂ የረሳ ክለብ፣ ተቀምጦ የከረመ ተጫዋች፣ በስድስተኛው ሳምንት የተሰናበተውን አሠልጣኝ የተካው ሌላ አሠልጣኝ ከነዝርዝሩ። በነሐሴ ሙከራ የወደቀ ልጅም ከከፍተኛ ሊግ ክለብ ስልክ የሚደወልለት አንዳንዴ በዚህ ጊዜ ነው። የሚሰጠው ውል እስከ ሰኔ 30 ነው።