የደም ሥሩ ሲወጣ ደሙ በየት ይመለሳል?

“ይሄን የሚያህል የደም ሥር ከእግሬ ተመዞ ከወጣ ደሙ በየት ሊመለስ ነው?” ቫሪኮስ፣ ማለትም ያበጠና የተጠማዘዘ የእግር ደም ሥር፣ ያለበት ሰው ኦፕራሲዮን ሲባል ቀድሞ የሚመጣበት ሐሳብ ይህ ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ያ ያበጠው የደም ሥር ደም መመለሱን ካቆመ ቆይቷል፤ ጭራሽ ቁልቁል ነው የሚያፈሰው።

ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሁለት መንገድ አለው። ከመቶው 90 ያህሉ በጡንቻዎች መካከል በተቀበሩት ጥልቅ ደም መልሶች ያልፋል። የቀረውን ከቆዳ ሥር ያሉት ይወስዳሉ። ከእነዚህ ረጅሙ ሐኪሞች ትልቁ ሳፌነስ የሚሉት ሲሆን፣ ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል ተነስቶ ብሽሽት ላይ ከጥልቁ ይቀላቀላል። ዝም ብለን ስንቆም ከልብ ጀምሮ ያለው ደም ክብደት ታች ያርፍና ቁርጭምጭሚት ላይ ግፊቱ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ስንራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ጨምቆ ሽቅብ ይገፋዋል፤ በደም ሥሩ ውስጥ ያሉት ስስ ቫልቮችም ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጉበታል። በጤነኛ እግር ግፊቱ ያን ጊዜ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

ብሽሽት አጠገብ ያለው ቫልቭ መግጠም ካቃተው ግን ደሙ ወደ ታች ያፈስሳል፣ የደም ሥሩ ይለጠጣል፣ ሲሰፋ ደግሞ ከታች ያለው ቫልቭም አይገጥምም። እንዲህ እያለ ባት ላይ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው፣ እርግዝናና ዕድሜ ያብሱታል፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋልም እንዲሁ። እንግዲህ ባት ላይ የተጠማዘዘው እብጠት የፍሳሹ መጨረሻ እንጂ መነሻው አይደለም። ሐኪሞች ይህን ተረድተው በዚያው ልክ ለመሥራት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

የጥንቶቹ የሚታየውን ነበር የሚቆርጡት። የሮማው ጄኔራል ጋይዮስ ማርዮስ ሁለቱም እግሮቹ ላይ ቫሪኮስ እንደነበረበት ፕሉታርክ ጽፏል። ማርዮስ እንደ ሌላው በሽተኛ ሳይታሰር፣ ድምፅ ሳያሰማ አንዱን እግሩን አስቀደደ። ሐኪሙ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ግን ጥቅሙ ስቃዩን አያክልም ብሎ ከለከለው። ጀግናው እንዲህ ካለ ሌላው ምን ሊል ነው?

ነገሩን መልክ ያስያዘው ጀርመናዊው ቀዳጅ ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንቡርግ ነው። በሽተኛውን አስተኝቶ እግሩን ሽቅብ ያነሳና የደም ሥሩ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃል። ከዚያ የሳፌነስን የላይኛ ጫፍ በጣቱ ተጭኖ በሽተኛውን ያቆመዋል። ጣቱ እስካለ የደም ሥሩ ቶሎ አይሞላም፤ ሲለቀው ከላይ እስከ ታች በአንዴ ግትር ይላል። ፍሳሹ ከላይ መሆኑን ለማየት ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልጋል? በ1891 እ.ኤ.አ. ሳፌነስን ጭን ላይ አስሮ የመቁረጥ ዘዴውን አሳተመ። በ1907 ደግሞ አሜሪካዊው ባብኮክ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ረጅም ሽቦ በደም ሥሩ ውስጥ አስገብቶ፣ አንዱን ጫፍ ከሽቦው ጋር አስሮ፣ ሙሉውን መዝዞ የሚያወጣበትን መንገድ አመጣ። ለአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ቫሪኮስ ኦፕራሲዮን ማለት ይህ ሆኖ ቆየ። ይሠራል፤ ግን ጭኑ ይበልዛል፣ ሥራ ለመመለስም ጊዜ ይወስዳል። ከጉልበት በታች ነርቭ ከሳፌነስ ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ሲመዘዝ እግራቸው የደነዘዘባቸው ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሐኪሞች ጉልበት ላይ ማቆምን ለመዱ።

ዛሬ ከመምዘዝ ይልቅ ከውስጥ ማቃጠሉ ቀድሟል። በሽተኛው እንቅልፍ አይወስደውም፤ ማደንዘዣው እግሩ ላይ ብቻ ነው። ሐኪሙ አልትራሳውንድ እያየ ጉልበት አካባቢ በመርፌ ይገባና ቀጭን ካቴተር እስከ ብሽሽት ይሰድዳል፤ ከጥልቁ ደም መልስ ጋር ከሚገናኝበት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀረው ያቆማል። ከዚያ በደም ሥሩ ዙሪያ ማደንዘዣ የተቀላቀለበት ብዙ ፈሳሽ ይወጋል። ይህ ፈሳሽ ብልህ ነገር ነው፦ ያደነዝዛል፣ የደም ሥሩን ጨምቆ ከካቴተሩ ጋር ያጣብቀዋል፣ ቆዳውንና ነርቩንም ከሙቀት ይከልላል። በሬዲዮ ሞገድ በሚሠራው ዘዴ የካቴተሩ ጫፍ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን በ20 ሴኮንድ ይዘጋና ወደ ታች ይሳባል። ሌላው ዘዴ ሌዘር ነው። የተዘጋው የደም ሥር እዚያው ቀርቶ ቀስ በቀስ ይኮማተርና ይጠፋል፤ በሽተኛው በዚያው ቀን በእግሩ ሄዶ ቤቱ ይገባል። ባት ላይ የቀሩትን ጉብጉብ ያሉ ደም ሥሮች በጥቃቅን ቀዳዳ በመንጠቆ ማውጣት ይቻላል። ለማቃጠል የማይመች ከሆነ መድኃኒቱን አረፋ አድርጎ መውጋት አለ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙቀትን አንደኛ፣ አረፋን ሁለተኛ፣ ቢላዋን ሦስተኛ አድርጎ ነው የደረደረው።

ሌዘሩ ስሙን ይዞ ሄደ እንጂ፣ በእኔ ግምት ትልቁን ለውጥ ያመጣው አልትራሳውንዱ ነው። ማንኛውም ሐኪም ከመንካቱ በፊት ጥልቁ ደም መልስ ክፍት መሆኑን ማየት አለበት። በቀድሞ የደም መርጋት ጥልቁ ተዘግቶ ከሆነ፣ ያ ያበጠው የላይኛው የቀረ ብቸኛ መውጫ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የበሽተኛው የመጀመሪያ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። ከሕክምና በኋላም ቫሪኮስ ከዓመታት ቆይታ ሊመለስ ይችላል፤ አንዳንዴ ብሽሽት ላይ አዳዲስ ደም ሥሮች ይበቅላሉና።

ብዙ ሰው ይህን ሕክምና የመልክ ጉዳይ አድርጎ ያያል። ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ የማይድን ቁስል የወጣበት ግን እንዲያ አይልም። በ2018 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ የወጣ ጥናት እንዲህ ያለ ቁስል ያለባቸውን 450 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ሁሉም እግራቸው በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርላቸው ነበር። የግማሾቹ የሚያፈስስ ደም ሥር ወዲያው ተዘጋ፤ የቀሩት ቁስሉ እስኪድን ወይም ስድስት ወር እስኪሞላ እንዲጠብቁ ተደረገ። ከመጀመሪያዎቹ የግማሽ ያህሉ ቁስል በ56 ቀን ውስጥ ሲደርቅ፣ በሌሎቹ ለዚያው 82 ቀን ፈጀ።