ለችፌ መርፌ ወጥቷል የሚባለው እውነት ነው?

ልጅ ሌሊቱን ሙሉ እያከከ በሚያድርበት ቤት ችፌ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሳሙና ይቀየራል፣ ቅባት ይቀየራል፣ ዳነ ሲባል መልሶ ይነሳል። ታዲያ "መርፌ ወጥቶለታል" ሲባል ጆሮ የማይሰጥ ማን አለ?

አዎ፣ እውነት ነው። ግን እስቲ ከመነሻው እንየው።

ችፌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የቆዳው ሽፋን ይሳሳና እርጥበት መያዝ ያቅተዋል፤ የሰውነት መከላከያም ያለ ልክ ይቆጣል። ኢንተርሉኪን 4፣ 13 እና 31 የሚባሉ የሰውነት "መልእክተኞች" ደግሞ ቁጣውንና ማሳከኩን ያባብሱታል። አዲሶቹ መርፌዎች የሚያደርጉት እነዚህን መልእክተኞች ማገድ ነው።

🔹 መርፌ፦ ዱፒሉማብ 4ን እና 13ን ያግዳል። አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች፣ በ2022 ደግሞ ከ6 ወር ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ፈቅዳዋለች። ዓይን ሊያስቆጣ ይችላል። በ2024 ሌብሪኪዙማብ እና በ31 በኩል የሚሠራው ኔሞሊዙማብ ተከትለዋል።

🔹 ኪኒን፦ ኡፓዳሲቲኒብ እና አብሮሲቲኒብ ማሳከኩን በቀናት ውስጥ ሊቀንሱ ይችላሉ። ነገር ግን ስለ ከባድ ኢንፌክሽን፣ የደም መርጋት፣ የልብ ችግርና ካንሰር ማስጠንቀቂያ አላቸው። ያለ ሐኪም ክትትል አይሞከሩም!

🔹 ቅባት፦ ሮፍሉሚላስት እና ታፒናሮፍ ስቴሮይድ የሌለባቸው ናቸው። ሁለቱም ለችፌ የተፈቀዱት በ2024 ነው።

አንዳቸውም ግን ችፌን ከሥሩ ነቅለው አይጥሉም፤ ሲቆሙ ሊመለስ ይችላል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ዱፒሉማብ በአሜሪካ ያለ ኢንሹራንስ በወር ከ3,000 ዶላር በላይ ነው።

ስለዚህ መርፌው እስኪደርሰን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ለብዙ ሰው የሚበቃው ሕክምና ርካሹ ነው፦ ለብ ባለ ውኃ አጠር ያለ መታጠብ፣ ቆዳው ሳይደርቅ ወዲያው ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት፣ ሲነሳ ደግሞ ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ ቅባት በታዘዘው መጠንና ቀን መጠቀም። ጎረቤት የሰጠንን ጠንካራ ስቴሮይድ ፊት ላይ ለወራት መቀባት ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ይጎዳል።

አንድ ነገር አንርሳ፦ መጻሕፍት "ይቀላል" የሚሉት ችፌ በእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ወይም ግራጫ መስሎ ሊታይ ይችላል። አልቀላም ብለን አንዘናጋ። ከቆሰለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም እንሂድ።

እናንተስ ከችፌ ጋር እንዴት ናችሁ? ልጁ እንቅልፍ ላጣበት ወላጅ ያጋሩልን።